ለኦርሳ ጥብቅና የቆምኩባቸው ረቡዖች

አስቴር ሁለት ጊዜ በድላኛለች። የመጀመሪያው ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሁለተኛው ባለፈው ሐምሌ፣ ረቡዕ ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ፣ የገዛ ሻዬን እየጠጣች። ሰዓቱን የያዝኩት ቂመኛ ስለሆንኩ አይደለም። ግድግዳው ላይ ሰዓት ስላለ ነው።

እኛ ሰፈር፣ ኮልፌ፣ ረቡዕ ረቡዕ የቤት ኅብረት አለን። የቤተ ክርስቲያናችን እህቶች በዘጠኝ ሰዓት እንሰበሰባለን፤ ይዘመራል፣ ቃል ይነበባል፣ የጸሎት ርዕስ ይሰበሰባል፣ ይጸለያል፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ይበተናል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተሰበሰብነው እኔ ቤት ነበር። ልጆቼ አግብተው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ሰፊ ነው፤ ወንበሩም ብዙ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሻይ አፈላለሁ፤ ለሰው አንድ አንድ ማንኪያ ስኳር አደርጋለሁ። ከአንድ አልፌ አላውቅም። «እጇ የታሰረ» የሚሉኝ አሉ፤ የሁሉንም ስም አውቀዋለሁ። ረቡዕ ባይኖር ኖሮ ማክሰኞ ቤት አልወለውልም ነበር፤ እሱም አንድ እረፍት ነው። ደግሞ ረቡዕ ከሌለ ሳምንቱ ሰባት ማክሰኞ ይሆናል።

በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል «የጭጋጉ አገር» የሚባል ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ይጀምራል። ከውጭ መጥቶ በአማርኛ የተተረጎመ ነው። ይህን ፊልም ማናችንም አናይም። ጠንቋይ አለበት፣ ባለ ሁለት ራስ ዘንዶ አለበት፤ የዳነ ሰው እንዴት ብሎ ያያል? ነገር ግን ረቡዕ ረቡዕ ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ዝናብ ሊጥል ይዳዳዋል። በሐምሌ ይሁን፤ በጥር፣ ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቶ ሳለ እንኳን አስቴር በመስኮት ታይና «ደመናው አላማረኝም፤ ትንሽ እንቆይ» ትላለች። ቴሌቪዥኑን ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም። ሪሞቱ ብቻ ሁልጊዜ የሚገኘው ከአስቴር ጭን ሥር ነው። ደግሞ ለመዝናናት አናይም። የጠላትን አሠራር ለመመርመር ነው። ሠላሳ ምናምን ክፍል መረመርን።

ላላያችሁት፣ ማለትም አላየነውም ለምትሉት፣ ታሪኩን ልንገራችሁ። ንጉሡ ይሞታል። ወንድሙ ዳርማን «ልጁ እስኪያድግ ነው» ብሎ ዙፋኑ ላይ ይቀመጣል፤ እንዲህ ብሎ ተቀምጦ የተነሣ ሰው እናንተም አይታችሁ አታውቁም። የዳርማንን ድምፅ የሚያወጣው ሰውዬ የልብስ ሳሙናም ያስተዋውቃል፤ «ደማቸውን አፈሳለሁ» ብሎ ምሎ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ የደም እድፍ እንዴት እንደሚለቅ ያስተምረናል። አልጋ ወራሹ ኤሊን የሚባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ንግሥቲቱ ባሕር ማዶ ናት፤ ልጇ ይኑር ይሙት አታውቅም። ቀጥላ ኦርሳ አለች፤ የቤተ መንግሥቱ ቁልፍ ያዥ፣ ሽበታም፣ ፊቷ የማይፈታ። አንድ ቀን ተነሥታ ልጁን ግንብ ላይ አውጥታ ቆለፈችበት፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ለምን? አትናገርም። ዳርማን ይጠይቃታል፤ ዝም። ሕዝቡ ይተፋባታል፤ ዝም። እኔ ገና በመጀመሪያው ቀን ወደድኳት።

እንግዲህ ክርክሩ ተጀመረ። ሜሮን የአስቴር ምራት ናት፤ የኅብረቱ ጸሐፊ፣ ስልኳ ከእጇ የማይወርድ ልጅ።

«እኔ የሚመስለኝ» አለች፣ «ኦርሳ በወጣትነቷ ዳርማንን ትወደው ነበር። መጨረሻ ላይ ሰርፕራይዝ ነው የሚያደርጉት።»

«የምን ፍቅር» አለች አስቴር። «ጥቅም ነው እንጂ። መሬት ቃል ገብቶላታል።»

«መሬት ስትጠይቅ አልሰማንም» አልኩ።

«ዓይኗ ይጠይቃል።»

«ልጁን ብትጠላው ሾርባውን ቀድማ ትቀምስለታለች? መርዝ እንዳይኖርበት ብላ እኮ ነው።»

«ርቧት ይሆናል» አለች አስቴር።

«በሩ ሥር ድንጋይ ላይ የምትተኛውስ?»

«እንዳያመልጣት ነዋ።»

ጽጌ እንደ ልማዷ ከጥግ ሆና «ግንቡ ላይ ብርድ ልብስ አለው ግን?» አለች። ጽጌ ጎረቤቴ ናት፤ ግቢያችንን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ስለ ዙፋኑም ስለ ዘንዶውም ግድ የላትም። ልጁ በልቶ እንደሆነና በርዶት እንደሆነ ብቻ ትጠይቃለች።

እኔ «ሴትዮዋ ልጁን እየጠበቀችው ነው» አልኩ። ዳርማን ሊገድለው ስለሚፈልግ፣ ዳርማን ቁልፉን ያልያዘው ብቸኛ በር ውስጥ አስገባችው። ይህን ለማወቅ ትንቢት አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል። ሁሉም ሳቁብኝ። ከዚያ አስቴር ቴሌቪዥኑን ትታ እኔን እያየች እንዲህ አለች፦

«ቁልፍ ይዞ ያረጀ ሰው ቀስ በቀስ ልቡም ይቆለፋል።»

ስለ ኦርሳ እንዳልተናገረች ለመረዳት የመጀመሪያውን በደል ማወቅ አለባችሁ።

እኔ የዕድራችን ዕቃ ቤት ቁልፍ ያዥ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በእኔ እጅ ነው። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው፤ እሳቸው የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ናቸው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የአስቴር ወንድም አገባ፤ መልሱ ቅዳሜ ነበር። ለሠርግ ድንኳን እናውሳለን፤ ለአስቴርም ቃል ገብቼላት ነበር። ዓርብ ጠዋት ሰዎች ልካ ብታስጠይቀኝ «አይሰጥም» አልኩ። ለምን? አይሰጥም። ቅዳሜ ዝናብ ወረደ፤ ዝናብ ስል እንደ አስቴር ደመና አይደለም፣ የእውነቱን። ዶሮ ወጡ ቀጠነ፤ ሙሽሪት በነጭ ቀሚሷ የኮልፌን ጭቃ ይዛ ገባች።

ምክንያቴ ይህ ነው። ዓርብ በማለዳ ጋሽ ጴጥሮስ መጥተው የጽጌ ልጅ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ በጅቡቲ መንገድ ተገልብጦ መሞቱን ነገሩኝ። መርዶው የሚነገረው በነጋታው ሲነጋ ነው፤ ወጉ እንደዚያ ነው፤ ዘመድ እስኪሰባሰብ፣ ሰው በደህና አድሮ ጠዋት እንዲሰማ። «ድንኳኑን ያዢ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። ያዝኩ። አልተናገርኩም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጽጌ ራሷ ሻይ ልትጠጣ መጣች፤ ልጇ በሳምንቱ እንደሚመጣ እየነገረችኝ አንድ ሰዓት ተቀመጠች። ሻይ ቀዳሁላት።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጽጌ ቀና ብላ «ዓርብ ሻይ ስንጠጣ ታውቂ ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኩ። ምን ልበል?

ውሸቴን አስቴር ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ተቀምጣ ሰማች። ከዚያም እንደ ሒሳብ መምህር ደመረችው፦ ዓርብ ካላወቀች፣ ዓርብ ድንኳኑን የከለከለችን በምቀኝነት ነው። ድምሩ ልክ ነው፤ አልክድም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን አዳረሰችው። እውነቱን ብናገር አስቴር ደስ ይላታል፤ ጽጌ ግን ሟች ልጇን እያወራች የጠጣችውን ሻይ ታስባለች። ስለዚህ ምቀኛ ሆኜ ቀረሁ። እውነቱን የሚያውቁት ጋሽ ጴጥሮስ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ናቸው፤ በተለይ የሰው ስም ሲጠፋ።

አሁን ወደ ሐምሌ እንመለስ። አንድ ረቡዕ፣ ኤሊን ግንቡ ላይ ትኩሳት በያዘው ሳምንት፣ የጸሎት ርዕስ ስንሰበስብ ጽጌ ዓይኗን እንደጨፈነች «በግፍ ለታሰረው ልጅ፤ እናቱም ወሬውን ለማታውቀው» አለች።  ማን እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ነገር ግን «እሱ እኮ የፊልም ልጅ ነው» ያለች ሴት ፊልሙን እንደምታይ መሰከረች ማለት ነው። ስለዚህ «አሜን» አልን። የአስቴር አሜን ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

ሜሮን ደግሞ ጸሐፊ ናት፤ የተባለውን ትጽፋለች። የሳምንቱን ርዕሶች እንደ ወትሮዋ በቴሌግራም ለቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቡድን ላከች። ከእህት አበበች ወገብና ከእህት ሣራ የቤት ኪራይ ቀጥሎ፣ ተራ ቁጥር ሦስት፦ «በግፍ የታሰረ የ16 ዓመት ልጅ (ኤሊን)፤ እናቱ አልተነገራትም፤ ትኩሳት አለው።» የጸሎት ቡድኑ ይህን ሲያነብ ተነካ። የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ታወጀ። ሰው በየሰዓቱ እየተቀባበለ ሰንሰለት ጸሎት ያዘ። ከጦር ኃይሎች ሰፈር በሁለት ታክሲ የመጡ እህቶች ነበሩ ይባላል። እኛ ሰባታችን እየሰማን ዝም። እኔም ጾምኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ? የማውቀው ልጅ ነው።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጋሽ ጴጥሮስ ኅብረታችን መሐል ገቡ። ካፖርታቸው ከዝናቡ ረጥቧል። መታወቂያቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«ልጁ የት ጣቢያ ነው ያለው?» አሉ። «እዚህ ኮልፌ ጠየቅኩ፤ በዚህ ስም የታሰረ የለም አሉኝ። ስሙ የውጭ ነው፤ የስደተኛ ልጅ ነው እንዴ? ማንም ይሁን፣ ዋስ እሆነዋለሁ። ባለቤቴ ጨጓራዋን ይዛ ሦስት ቀን ጾማለታለች።»

 ጽጌ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በመጨረሻ ሜሮን «ጋሼ... ልጁ ግንብ ላይ ነው» አለች።

«የምን ግንብ?»

«የ... የጭጋጉ አገር።»

ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሩ፤ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ሁሉ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። መታወቂያቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ይህን ጊዜ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ተኩል ይል ነበር። አስቴር ሻይዋን ፉት አለችና ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኛ የምንመጣው ለቃሉ ነው» አለች። «ቴሌቪዥኑ የቤቱ ነው። እኛማ ዝናብ ሲይዘን ነው የምንቆየው። እሷ ናት ለቆላፊዋ ስትከራከር የምትውለው። ሰው ለሚመስለው ያደላል።»

ሪሞቱ በዚያ ሰዓት የት እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ።

ጋሽ ጴጥሮስን አየኋቸው። ምንጣፉን አዩ። ምንጣፌ ጥሩ ነው፤ ግን ያን ያህል አይደለም። «እንግዲያው» አሉ፣ «ኅብረቱ ለጊዜው አስቴር ቤት ቢሆን።» በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የተሰበሰበ ወንበር በአሥር ደቂቃ ተበተነ። እነሱን ቀድሜ ወጥቼ የግቢውን በር ከፈትኩላቸው፤ በሩ ሲዘጋ ጥሩ ድምፅ ይሰጣል።

አንድ ሳምንት አስቴር ቤት ሄድኩ። ቴሌቪዥኗ ከእኔ ይሰፋል። በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥታ በመስኮት አየችና «ደመናው አላማረኝም» አለች። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ፀሐይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ኦርሳን ለብቻዬ አየሁ። ለብቻ መገመት ክፉ ነገር ነው። «አየሽ፣ ኦርሳ የዳርማንን ወጥመድ አውቃለች» ትላላችሁ፤ የሚቃወማችሁ የለም። የሚቃወም ከሌለ ደግሞ ልክ መሆን ምን ያደርጋል? አንድ ረቡዕ ከልማድ ሰባት ብርጭቆ አውጥቼ መልሼ አስገባሁ። ብርጭቆ ማናፈስም አስፈላጊ ነው። ለአስቴር የምነግራትን ግን አዘጋጀሁ። የኦርሳ ምስጢር የወጣ ቀን ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ ሰው ፊት፣ ከሾርባው ጀምሬ አንድ በአንድ። በቃሌ አጠናሁት። ከመዝሙረ ዳዊት ቀጥሎ በቃሌ የያዝኩት ረጅሙ ነገር ይህ ነው።

የመጨረሻው ክፍል በጥቅምት፣ ረቡዕ ቀን ደረሰ። በስምንት ሰዓት በሬ ተንኳኳ፤ ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው። ኅብረቱን ሊመልሱ መጡ ብዬ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የአስቴር አጎት ሆሳዕና ላይ ዐረፉ። ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ አባቷ በያቸው። ነገ ሲነጋ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንነግራታለን። ድንኳኑን አዘጋጂ። ለማንም...»

«አውቃለሁ» አልኩ። «ለማንም።»

ልክ በአሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ በሬ እንደገና ተደበደበ። ሜሮን ከፊት፣ ጽጌ ከኋላ፣ ከመሐል አስቴር፤ ስድስቱም ነጠላቸውን ተከናንበው።

«እትዬ፣ በእኛ በኩል መብራት ጠፋ» አለች ሜሮን። «የእርስዎ መስመር አለ ሲሉ...»

«ለጸሎት ነው?» አልኩ።

«ዝናብ ሊመጣ ነው» አለች አስቴር፤ ማፈርን ከማታውቅበት ዕድሜዋ ጀምሮ ያላትን ፊት ይዛ። አስገባኋቸው። ሶፋዬ ላይ፣ የድሮ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ሪሞቱ ራሱ ወደሷ የሄደ ይመስለኛል።

ፊልሙ ጀመረ። ኦርሳን ለፍርድ አቆሟት። ንግሥቲቱ ከባሕር ማዶ ተመልሳ «ልጄን ለምን ቆለፍሽበት?» አለቻት። ዝም። ገመዱን አንገቷ ላይ አደረጉት። ዝም። የሳሙና ማስታወቂያ ገባ። ከማስታወቂያው በኋላ ልጁ ራሱ ከግንቡ ወርዶ እየሮጠ መጣና እንደተከላከለችለት፣ ሾርባውን እየቀመሰች፣ በሩ ሥር እየተኛች እንዳቆየችው ለሕዝቡ ተናገረ። ይህ ክፍል አልጣመኝም። ዝም ላለ ሰው ሌላ ሰው ቆሞ ሲመሰክርለት ያየሁት በድርሰት ብቻ ነው።

ሴቶቹ አለቀሱ። አስቴር በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና «እኔ ከመጀመሪያውም ብያለሁ» አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሜሮን ስልኳን አስቀመጠች። ያጠናሁት ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል፤ ከሾርባው ይጀምራል። አስቴርን አየኋት። ዓይኗ ለዘንዶና ለልዑል ቀልቷል። የዛሬው ለቅሶ የመጨረሻው ቀላል ለቅሶዋ ነው።

«ብለሻል» አልኩ።

ክፍሉ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ይህም አልበቃኝም፤ «ሻይ ልጨምርልሽ? ትራሱን ከወገብሽ ጀርባ አድርጊው» አልኳት።

አስቴር ብርጭቆዋን ከከንፈሯ አወረደች። «ዛሬ ምን ሆነሻል?» አለች። «ምን ሰምተሽ ነው?»

አገራችን ላይ ደግ ያልነበረ ሰው በድንገት ደግ ሲሆን ሌላው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዘመዶቹን ነው። ፊቷ መለወጥ ሲጀምር አየሁ። የሚያድናት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«የሰማሁትማ መዋሸትሽን ነው» አልኩ። «ሠላሳ ክፍል ሙሉ ስትሰድቢያት ኖረሽ ዛሬ ብያለሁ ትያለሽ? ትራሱንም መልሺ፤ ወገብሽ የሚያምሽ ሪሞት ላይ ስለምትቀመጪ ነው።»

አስቴር እፎይ አለች። ፊቷ ተመለሰ። «አሁን አንቺ ሆንሽ» አለችና እስከ አንድ ሰዓት ተሰዳደብን። ደስ የሚል ምሽት ነበር ብል አልዋሸሁም። ጽጌ ብቻ አልሳቀችም። ጥግ ሆና ብርጭቆዬን የያዝኩበትን እጄን ታይ ነበር።

ሲነጋ ድንኳኑን አወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ድንኳን ውስጥ፣ አስቴር ሰው መሐል ቀና አለች። ድምፅዋ አልቋል።

«ረቡዕ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ።

«ታውቅ ነበር» አለች ጽጌ ከጎኔ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ትራስ ሰጠችሽ እኮ። የእኔንም ታውቅ ነበር። ያን ዓርብ ሻዬ ላይ ሁለት ማንኪያ ስኳር አደረገችልኝ። ይቺ ሴት ለማን ሁለት ማንኪያ ሰጥታ ታውቃለች? ሌሊቱን ልጄን ሳስብ ነው ያደርኩት።»

ጋሽ ጴጥሮስ እንደገና መሬቱን አዩ። አሁን የሚያዩት ምንጣፍ እንኳን አልነበረም። አስቴር ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ስትደምር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ድምሩ ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«የወንድሜ መልስ ቀን» አለች በመጨረሻ፣ «ዝናቡ ግን ከባድ ነበር።»

«ከባድ ነበር» አልኩ።

ይቅርታ እንዲህ ነው የምትጠይቀው፤ ሌላ አትችልበትም። እኔን የገረመኝ ግን ጽጌ ናት። ዘጠኝ ዓመት አውቃ፣ ዘጠኝ ዓመት ምቀኛ ስባል ከጎኔ ተቀምጣ ሻይ ጠጣች። ከድንኳኑ ስንወጣ «ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። «አንቺ አላውቅም ካልሽ፣ እኔ ምን ብዬ ላዋርድሽ» አለች። መልሱ ጥሩ ነው። ቢሆንም የበደሉኝ ሰዎች ዝርዝር ላይ ሁለተኛ አድርጌ አስገብቻታለሁ፤ ጋሽ ጴጥሮስ ወደ ሦስተኛ ወርደዋል።

ድንኳኑ ሲፈርስ ወንበሮቹን ቆጥሬ አስገባሁ፤ ዕቃ ቤቱን ቆለፍኩ። ማክሰኞ ቤቱን ወለወልኩ። ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም እኔ ቤት መጡ። ለሁሉም አንድ አንድ ማንኪያ ስኳር አደረግኩ።